120 መሣሪያ ገብቶ በቀን 6 ብቻ ይወጣል፦ የጥገና ሥራ ዕቅድ እንዴት ነው የምታወጡት?

ብረትና_ዘይት (ርዕሱን የከፈተች)
ቅዳሜ ማታ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ርዕሱ ለብዙ ሰው ደረቅ እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን እዚህ ጦር ውስጥ ያላችሁ፣ ዴፖ የምትሠሩ፣ ጋራዥ የምትመሩ ስላላችሁ ልጠይቅ።

አሜሪካ ጦር ውስጥ ሰርጀንት ነኝ። ስድስት ዓመት ጠብመንጃና መትረየስ ስጠግን ቆይቻለሁ። ከአራት ወር በፊት ከጠረጴዛው አንስተው ፕሮዳክሽን ኮንትሮል የሚባል ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ምን ገባ፣ ማን ይሥራው፣ መለዋወጫው አለ ወይ፣ መቼ ይወጣል፤ ይሄን ሁሉ የምይዘው እኔ ነኝ። የካምፑን ስም አልጠራም። ቁጥሮቹንም ትንሽ ነካ አድርጌያቸዋለሁ፤ ነገሩን ለማሳየት ግን ይበቃሉ።

ዛሬ ወርክሾፑ ውስጥ 120 መሣሪያ አለ። በቀን የሚወጣው 6 ነው። የሻምበል አዛዦች ይደውላሉ። "የኛ መቼ ይደርሳል?" ይላሉ። "አርብ" እላለሁ። አርብ ይመጣል፣ መሣሪያው አልደረሰም። "እሺ ማክሰኞ" እላለሁ። ቃሌን የማጥፍ ሰው ሆንኩ። እንቅልፍ ይነሳኛል። ያ መትረየስ ለተኩስ ልምምድ ካልደረሰ አንድ ልጅ በደንብ ሳይለማመድበት ሊሄድ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ኤም 240 መትረየስ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ 11 ቀን ተኛ። አንድ ክፍል ብቻ ጎድሎት ነው። ዕቃዎቹ ትሪ ላይ ተደርድረው ጨርቅ ለብሰዋል። በ11ኛው ቀን የቀረው ክፍል መጣ። ደስ ብሎን ልንገጥም ጨርቁን ስንገልጥ ትሪው ላይ አንዲት ትንሽ ስፕሪንግ የለችም። ሌላ ሰው ለሌላ መትረየስ ወስዷታል። የጻፈው የለም። እንደገና ትዕዛዝ፣ እንደገና ጥበቃ።

ሰዎቼ ሰነፎች አይደሉም። ሰባት ናቸው፤ ሁሉም እጃቸው ጥሩ ነው። ግን አንድ ቀን ሥራ አጥተው ይቀመጣሉ፣ በማግስቱ እስከ ማታ ይሠራሉ። ችግሩ እነሱ ጋ ሳይሆን እኔ ወረቀት ላይ እንደሆነ ይሰማኛል። የት ጋ ነው የምሳሳተው?

---

ዕቅድ_ክፍል
እሁድ ጠዋት

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። እኔ ሲቪል ነኝ፤ ከባድ መሣሪያ በሚያድስ ተቋም ውስጥ ዕቅድ ላይ ነው የምሠራው። ከመምከሬ በፊት ሁለት ነገር ልጠይቅሽ።

አንደኛ፣ የሰው ሰዓቱን በስንት ነው ያሰብሽው? ሰባት ሰው በስምንት ሰዓት ብለሽ 56 ከጻፍሽ እዚያው ጋ ነው የሳትሽው። ጠዋት ስፖርት አለ። ሰልፍ አለ። ጥበቃ አለ። ሥልጠና፣ ሕክምና፣ ፈቃድ አለ። መፍቻ ይዘው የሚቆሙበትን ሰዓት ብቻ ለሁለት ሳምንት በእጅሽ ጻፊ። ሶፍትዌሩ የሚለውን ተዪው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያዎቹ ብዛት ያላቸው የት ጋ ነው? ለመፈታት የሚጠብቁ ናቸው? ዕቃ የሚጠብቁ ናቸው? ወይስ ተሠርተው አልቀው የመጨረሻ ፍተሻ የሚጠብቁ? ወርክሾፑ ውስጥ በእግርሽ ዞረሽ ቁጠሪ። ኮምፒውተር ላይ "በሥራ ላይ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው የምታዪው፤ መደርደሪያው ግን አይዋሽም።

---

መርካቶ_ጋራዥ
እሁድ

እኔ የማውቀው የጭነት መኪና ነው። ግን ችግርሽ የኔ ችግር ነው። ሰው መኪናውን ሲያመጣ ሁሉንም እቀበል ነበር። ግቢው ይሞላል። ግማሹ ተፈትቶ ቆሟል። በኋላ "ዕቃው እጄ ካልገባ አልፈታም" አልኩ። ደንበኛው መጀመሪያ ተቆጣ። አሁን ግን ራሱ ደውሎ "ዕቃው መጣ ወይ?" ብሎ ጠይቆ ነው የሚያመጣው።

---

ብረትና_ዘይት
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ

@ዕቅድ_ክፍል፣ ያልከውን አደረግሁ። ውጤቱን ሳይ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

የሰው ሰዓቱ 56 አይደለም። በአማካይ አንድ ሰው መሣሪያ ላይ የሚያሳልፈው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ሰባት ሰው ሲሆን 31 ሰዓት ተኩል። ግማሽ በሚባል ሰዓት ላይ ሙሉ ቀን አቅጄ ነበር። የቀጠርኳቸው ቀኖች ሁሉ የውሸት ነበሩ ማለት ነው፣ ሳላውቀው።

ሁለተኛው ይበልጥ አስደነገጠኝ። ወርክሾፑን ዞሬ ቆጠርኩ። ከ120ው ውስጥ 47ቱ ተሠርተው ያለቁ ናቸው! ተጠግነው፣ ተቀብተው፣ መለያቸው ተንጠልጥሎባቸው የመጨረሻ ፍተሻ ይጠብቃሉ። ጥራት ተቆጣጣሪያችን አንድ ሰው ነው። እሱ ሲገባም ይፈትሻል፣ ሲወጣም ይፈትሻል፣ የጌጅ (የመለኪያ መሣሪያ) መዝገቡንም እሱ ነው የሚይዘው። በቀን 6 መሣሪያ ይፈርማል። ቴክኒሻኖቹ በቀን አሥር ቢጨርሱም የሚወጣው ያው 6 ነው። እኔ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ቴክኒሻኖቹን "ቶሎ በሉ" ስል ነበር።

---

ዕቅድ_ክፍል
ሐሙስ ማታ

በቃ፣ ማነቆሽን አገኘሽው። አሁን ሒሳቡን ላሳይሽ፤ ለአዛዥሽም በዚሁ አስረጂ።

ጆን ሊትል የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ቀመር አለ። ወርክሾፕ ውስጥ ያለውን ብዛት በቀን ለሚወጣው ብዛት አካፍይ። የምታገኚው አንድ መሣሪያ በአማካይ ውስጥ የሚቆይበትን ቀን ነው። 120 ለ6 ሲካፈል 20 የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ "አርብ" ብለሽ ቃል ስትገቢ ሒሳቡ ከጀርባሽ ቆሞ "አይሆንም" እያለሽ ነበር። በአምስት ቀን ላስወጣ ካልሽ፣ በቀን 6 እየወጣ ውስጥ መኖር ያለበት 30 ነው። ከዚያ በላይ የገባው ሁሉ የሚጠብቅ ነው፤ የሚሠራ አይደለም።

ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ጆርጂያ ውስጥ ዋርነር ሮቢንስ የሚባለው የአየር ኃይል የጥገና ማዕከል ሲ-5 የሚባለውን ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ያድሳል። በአንድ ጊዜ 12 አውሮፕላን ከፍተው ይይዙ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ ወደ 7 አወረዱት። አንድ አውሮፕላን የሚፈጀው ጊዜም ከ240 ቀን ወደ 160 ቀን ወረደ። ቁም ነገሩ፣ ባለሙያውን በ12 ቦታ ከመበተን በጥቂቱ ላይ አሰባስበው መጨረሳቸው ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 የኤደልማን ሽልማትን አገኘ፤ ሥራን በሒሳብ በሚያቅደው በኦፕሬሽንስ ሪሰርች ሙያ ትልቁ ሽልማት ነው።

አንቺ ዘንድ ያለው መፍትሔ ሁለት ይመስለኛል። የመግቢያውን ፍተሻ ከዚያ ሰውዬ ላይ አንሺለት፤ ከቴክኒሻኖችሽ ሁለቱን አሠልጥነሽ እነሱ ይሥሩት። እሱ የመጨረሻውን ፊርማ ብቻ ይያዝ። ከዚያ መሣሪያ የምትቀበይው እሱ በሚያስወጣው ልክ ይሁን። ቀሪው ባለቤቱ ክፍል የራሱ መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ተራውን ይጠብቅ።

---

ያገር_ልጅ_ቴክሳስ
ሐሙስ ሌሊት

በዚህ አልስማማም። መሣሪያው አንቺ ጋ ባይገባም ብልሹ ነው። ሰልፉን ከወርክሾፑ አውጥታችሁ ሻምበሉ ጋ ደበቃችሁት እንጂ አልቀነሳችሁትም። እኔ የሻምበል አቅርቦት ሰርጀንት ነበርኩ። የመሬት ላይ ዕቃ ዝግጁነት ግቡ 90 በመቶ ነው። በየወሩ ከዚያ በታች ስንሆን ተጠያቂው አዛዤ ነው፤ ቀጥሎ እኔ። መሣሪያው ጥገና ክፍል ገብቶ የሥራ ትዕዛዝ ቁጥር ከያዘ ቢያንስ የምናሳየው ነገር አለን።

---

ዕቅድ_ክፍል
አርብ ጠዋት

ወንድሜ፣ ያልከው እውነት አለው። ስለዚህ ብልሽቱን መለየት ግድ ነው። የማይተኩስ ወይም ሲተኩስ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ወዲያው ይገባል፤ ውይይት የለውም። ግን ከሚመጡት ውስጥ የቀለም መላጥ፣ የእጅ መያዣ መሰንጠቅ፣ የማንገቻ ቀለበት መላላት ያለባቸው ብዙ ናቸው። እነዚህ ዕቃቸው ታዝዞ እስኪመጣ ባለቤታቸው ጋ ሆነው ማገልገል ይችላሉ። የሥራ ትዕዛዙ ይከፈታል፣ መለዋወጫው ይታዘዛል፣ መሣሪያው ግን ባለበት ይቆያል። ቁጥርህን ታሳያለህ፤ መሣሪያህንም አታጣም።

---

ያገር_ልጅ_ቴክሳስ

እንደዚህ ከሆነ እሺ። ግን ተራው መቼ እንደሆነ ቁርጥ ያለ ቀን ይነገረው። እኛን የሚያናድደን መጠበቁ አይደለም፣ አለማወቁ ነው።

---

የቢሾፍቱው_ቴክኒሻን
ቅዳሜ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ ናት ያነበበችልኝ፤ መልሱንም እሷ ነች የምትጽፍልኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ትዝታዬ ግን አለ።

እኔ አየር ኃይል ነበርኩ፣ ደብረ ዘይት፣ ኤፍ-5 የሚባለው የአሜሪካ ጦር ጄት ላይ። በ1969 ሚያዝያ ደርግና አሜሪካ ሲቆራረጡ መለዋወጫ የሚመጣበት በር ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገባ። እነዚያ ኤፍ-5ዎች ናቸው ከሶማሊያ ሚግ-21 ጄቶች ጋር የገጠሙት። ያኔ ዕቅድ ማለት ምን እንደሆነ ገባኝ። ዕቃ ሲኖርሽ ስህተትሽን በዕቃ ትሸፍኚዋለሽ። ዕቃ ሲጠፋ የሚቀርሽ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ያስተማሩኝን ላካፍልሽ። አሥር አውሮፕላን አለሽ እንበል። እያንዳንዱ በየ300 የበረራ ሰዓቱ ትልቅ ምርመራ ይገባል። አሥሩንም እኩል ካበረርሻቸው አሥሩም በአንድ ሳምንት ይመጡብሻል። ሃንጋሩ ይሞላል፣ ሰማዩ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ አግድም አግድም አሰልፊያቸው። አንዱ 30 ሰዓት ይቅረው፣ ሌላው 60፣ ቀጣዩ 90፣ እንዲህ እያለ የመጨረሻው 300። ጫፋቸውን ስታያይዢው ደረጃ የመሰለ ሰያፍ መስመር ይወጣል። ከመስመሩ በላይ የወጣውን አብሪው፤ ከመስመሩ በታች የወረደውን አሳርፊው። እኛ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ነበር የምንሠራው። አብራሪዎቹ "ያንን ስጡን" ሲሉ አለቃችን ሰሌዳውን አሳይቶ "ዛሬ ያኛው ነው የሚበረው" ይል ነበር።

አንቺ ጠብመንጃ አታበሪም። ግን ዓመታዊ ምርመራ የለሽም? ሁሉም ሻምበል በአንድ ወር አይመጣብሽም?

ስለዚያች ስፕሪንግ ደግሞ። እኛም ከአንዱ ፈተን ለሌላው ገጥመናል፤ ጊዜው ግድ ብሎን። ነገር ግን ማን እንደፈታ፣ ከየት እንደፈታ፣ ማን እንደፈቀደ በቀይ ቀለም ይጻፍ ነበር። ያልተጻፈ ሰው እንደሚገድል ስለምናውቅ ነው። እና ልጄ፣ ያልተሟላ ነገር አትፍቺ። እናቶቻችን "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ያሉት ለዚህም ይሆናል።

---

ብረትና_ዘይት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። ያነበበችልዎትንም ልጅ ይባርክልኝ።

አዎ! ዓመታዊው የጌጅ ምርመራ በሙሉ የሚመጣብኝ ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት በሴፕቴምበር 30 ስለሚዘጋ ሁሉም ያኔ ነው የሚሯሯጠው። ገንዘቡም ዕቃውም በዚያው ሰሞን ነው የሚያጥረው። እስካሁን እንደ ክረምት ዝናብ የማይቀር ነገር ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። ያሉኝን ሰያፍ መስመር ሻምበሎቹ ላይ ልሞክረው ነው፤ በየወሩ አንድ አንድ።

---

ናሻክ_ነታንያ
ቅዳሜ ማታ

ሻቩዓ ቶቭ (መልካም ሳምንት) ከእስራኤል። እኛ ጋ የመሣሪያ ጠጋኙ "ናሻክ" ይባላል። እኔ መደበኛ አገልግሎቴን በዚያ ጨርሼ አሁን ተጠባባቂ ነኝ።

ኦክቶበር 2023 ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ተጠባባቂ ተጠራ። እኔ የሄድኩበት መጋዘን በር ላይ ሰልፉ አያልቅም። አንዱ አዲስ ምላጭ ይፈልጋል፣ አንዱ መነጽሩን ማስተካከል፣ አንዱ ካዝናው አይያዝለትም። መጀመሪያ በመጡበት ቅደም ተከተል ሠራን። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ አንድ መትረየስ ከፊት ስለነበረ ከኋላው የአሥር ደቂቃ ሥራ ያላቸው 40 ልጆች ቆሙ። የሚጠብቃቸው አውቶቡስ ሞተሩ በርቷል። አንዱ ልጅ ለእናቱ ስልክ እየደወለ "ገና ነኝ፣ መሣሪያዬ አልደረሰም" ሲል ሰማሁት። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ጠረጴዛውን ለሁለት ከፈልነው። አንዱ ላይ ከ15 ደቂቃ በታች የሚያልቅ ብቻ፤ ሌላው ላይ ከባዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰልፉ ቀለለ። እህቴ፣ አንቺም ለትንንሹ አንድ ጠረጴዛ ለዪ። አንድ ሰው ብቻ አስቀምጪበት፤ ሰውዬው ደግሞ በየሳምንቱ ይቀያየር፣ አለበለዚያ ይሰለቸዋል።

ቅድሚያውንስ ማን ነው የሚወስነው? እኛ ጋ የጮኸው ነበር የሚቀድመው።

---

ብረትና_ዘይት

ቅድሚያ እኛ ጋ ከ01 እስከ 15 ቁጥር አለው። የክፍሉ አስፈላጊነት አምስት ደረጃ አለው፣ የጥያቄው አጣዳፊነት ሦስት፤ ከሁለቱ ነው ቁጥሩ የሚወጣው። ወረቀት ላይ በጣም ያምራል። ግን ባለፈው ሳምንት ከመጡልኝ 38 ትዕዛዞች 31ዱ ላይ የተጻፈው ክፍሉ የሚፈቀድለት ከፍተኛው ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ የሚነግረኝ ነገር የለም። መጨረሻ ላይ እኔ ነኝ የምመርጠው፤ ስመርጥ ደግሞ ያልመረጥኩት ያዝንብኛል።

---

ዕቅድ_ክፍል

አንቺ አትምረጪ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ይሁን፣ ግማሽ ሰዓት ሁሉንም የክፍል ተወካዮች አንድ ጠረጴዛ ላይ አምጪያቸው። "በሚቀጥለው ሳምንት ማስወጣት የምችለው 30 ነው፤ የቱ ይሁን?" በያቸው። እርስ በርሳቸው ሲተያዩ እውነቱን ይናገራሉ። "የኔ ልምምድ ወር ሙሉ ይቀረዋል፣ የሱ ይቅደም" የሚል ሰው ታገኛለሽ። ስልክ ላይ ግን ይሄን የሚልሽ የለም።

ከዚያ የተስማሙበት ዝርዝር ለሳምንቱ ይታሰር። በመሐል የሚገባ ካለ አዛዡ ፈርሞ ያስገባው፤ ሲያስገባም የትኛው እንደሚወጣ አብሮ ይፈርም።

---

ብረትና_ዘይት
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ

ቃል ስለገባሁ ተመለስኩ።

ጥራት ተቆጣጣሪያችን አሁን የመጨረሻውን ፍተሻ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለት ልጆች የመግቢያውን ያዙ። በቀን የሚወጣው ከ6 ወደ 9 ደረሰ። ሰው አልጨመርንም፣ ማንም አላመሸም። ዓርብ ማታ የተቆጠረውን ዛሬ ሳይ ውስጥ ያለው 41 ነው። ለ9 ሲካፈል አራት ቀን ተኩል ግድም። ስለዚህ አሁን ለሻምበሎቹ "ስድስት የሥራ ቀን" እላለሁ፤ ካለፉት ሁለት ሳምንታት ያለፈብኝ አንድ ብቻ ነው። እሱም ፈንጂ አምካኝ ክፍሉ አስቸኳይ ስላስገባ ነው፤ አዛዡ ፈርሞበታል።

ያላሰብኩት ጥቅም ደግሞ አገኘሁ። ማታ ከመዝጋታችን በፊት እያንዳንዱን መሣሪያ በመለያ ቁጥሩ እንቆጥራለን። 120 ሲሆን አንዷ ቁጥር ከተዛነፈች ሁላችንም እስክትገኝ ቆመን እንቀራለን። 41 ሲሆን ሰዎቼ ልጆቻቸው ሳይተኙ ቤት ይገባሉ።

ያ ትሪ? አሁን ትሪ የለም። ዕቃው ተሟልቶ በአንድ ሳጥን፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥር ተለጥፎበት ካልመጣ ቴክኒሻኑ ፒን አይነቅልም። የጋሼን ቀይ ቀለምም አስገብቻለሁ። ከአንዱ ለሌላው የሚዛወር ዕቃ በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋል፤ እስካሁን ሦስት ብቻ ተጽፏል።

የረቡዑ ስብሰባ ግን መጀመሪያ ከባድ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰርጀንቶች ተጣልተው ወጡ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ለሌላው ተራውን ሲሰጥ በዓይኔ አየሁ።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቶኛል። አሮጌዎቹ 50 ካሊበር ኤም 2 መትረየሶች፣ እኛ አገር ድሽቃ የምንለውን የሚያክሉት፣ በርሜል ሲቀየር በቦልቱና በቀለሁ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት በጌጅ መለካት አለበት። አዲሶቹ ኤም 2ኤ1ዎች ክፍተታቸው ተወስኖ ስለሚመጣ አይቸግሩም። አሮጌው ላይ ግን ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ፈንድቶ ተኳሹን ይጎዳል፤ ስለዚህ የማይታመን ጌጅ አልጠቀምም። ያሉኝ ሁለት የጌጅ ስብስቦች ናቸው፤ የሁለቱም የካሊብሬሽን (ልኩ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጥበት) ቀን በአንድ ሳምንት ይውላል! ያለፈው ዓመት ሁለቱም አብረው ሄደው ሥራው ቆሞ ነበር።

---

የቢሾፍቱው_ቴክኒሻን

ልጄ፣ እሱም ያው ሰያፉ መስመር ነው። አንዱን ስብስብ ቀኑ ሳይደርስ አሁን ላኪው። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ቀን ይራራቃል፤ በአንድ ሳምንት አይውልም።

---

ብረትና_ዘይት

ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት እልከዋለሁ። መላኪያ ቅጹን አሁኑኑ እየሞላሁ ነው።